አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዜሮ ስድስት

የእህቴን ባል ፊት ለፊት ሳገኘው «ጋሼ» ብዬ፣ አንቱ ብዬ ነበር የማናግረው። በልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም። ስለዚህ እዚህም «እሱ» እያልኩ ብነግራችሁ አትቀየሙኝ። ሠራተኛው ሁሉ «ሚክሮን» ይለዋል፤ የሚሊ ሺህኛ ማለት ነው። ሥራው ክራንክሻፍት መሞረድ ነበር። ክራንክሻፍት ማለት ሞተር ውስጥ የፒስተኖቹን ላይ ታች ማለት ወደ ዙር የሚቀይረው ጠማማ ብረት ነው። ዘመን ሲሄድ አንገቶቹ፣ ማለትም ሌላ ብረት የሚዞርባቸው ክብ ቦታዎቹ፣ ይበላሉ፤ የተበላውን አንገት መልሶ ክብና ልስልስ የሚያደርገው እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ማሽን ላይ ቆሟል። ማሽኑ ፊት ያለው ሲሚንቶ በሁለት ጫማው ልክ ጎድጉዷል።

ችሎታውን አልክድም። ብክድ ውሸታም እሆናለሁ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሌላውን ሁሉ ብሆን ውሸታም አይደለሁም። የሞረደውን አንገት በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አድርጎ «ትንሽ ይቀረዋል» ካለ፣ ትንሽ ይቀረዋል። እሱ ከለካ በኋላ ሌላ ሰው እንዲለካ አይፈልግም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ የራሱን ማይክሮሜትር ከኪሱ ቢያወጣ፣ «ለመለካት ከሆነ ልብስ ሰፊው ማዶ ነው» ብሎ ከነብረቱ አባረረው። ሰውየው በሳምንቱ ይቅርታ ብሎ ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ይሰድብሃል፣ ተመልሰህ ትመጣለህ።

እዚያ ጋራዥ ያስገባኝ እሱ ነው። እናታችን ቶሎ ስለሞተች እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። «ወንድሜን ሙያ አስይዝልኝ» ብላ ለመነችው፣ እሺ አላት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት አጠገቡ ቆሜ ተማርኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን የምለው ማንም ስለማይልልኝ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ እሱ ወጣ ሲል፣ የጀመረውን የጭነት መኪና ክራንክ እንድጨርስ ተወልኝ። የመጀመሪያዬ ነበር። ማይክሮሜትር አይታችሁ ከሆነ፣ እጀታው ላይ ሁለት ረድፍ ጭረት አለ፤ ላይኛው ሙሉ ሚሊ፣ ታችኛው ግማሽ ሚሊ። ታችኛዋ ጭረት ገና ሳትወጣ የወጣች መስላ ብቅ የምትልበት ቦታ አለች። እዚያች ቦታ ላይ የሚሳሳት ሰው ግማሽ ሚሊ ነው የሚሳሳተው። እኔም ተሳሳትኩ። ግማሽ ሚሊ ገና ይቀረኛል ብዬ ሞረድኩት። ሲመለስ ክራንኩ ከመጨረሻው ልክ በታች ወርዶ ነበር፤ ለብረታ ብረት ለቃሚ ካልሆነ ለማንም አይሆንም።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰንሰለት አመጣና ክራንኩን የጋራዡ በር ላይ፣ ሰው ጎንበስ ሳይል በማያልፍበት ከፍታ ሰቀለው። ደንበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲገባ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። እሱም በጣቱ እኔን እያሳየ «የግማሽ ሥራ ነው» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ግማሽ ሆነ።

እኔንም ከማሽኑ አንስቶ ብረት ማጠቢያ ላከኝ። ማጠቢያው ከጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ናፍጣ የሞላ ገንዳ፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ መፋቂያ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሆን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆምኩ። እሱ የሚሞርደውን እኔ አጥባለሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ፣ ልብሴ ስንቴ ቢታጠብ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ስሙም እቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሠርጌ ላይ ተነስቶ «ሙሽራው ግማሽ ነው፣ የቀረውን ሙሽሪት ትሞላዋለች» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ሲወለድ ሊጠይቅ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ልጁ ሙሉ ነው?» አለ። ያ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ፣ የሠራተኞቹ ልጆች ናቸው መቼም፣ «ሩብ» አሉት። ሩብ፣ የግማሽ ልጅ። ልጄ እያለቀሰ መጥቶ «አባዬ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። ያን ዕለት ቂሜን አጥብቄ ቋጠርኩት።

በዚህ ሁሉ ዘመን ስሜን በስሜ የምትጠራልኝ አንድ ሰው ነበረች፤ እህቴ። እሱ ፊትም ቢሆን፣ እሱ እየሳቀ ቢሆንም፣ ስሜን ከነሙሉው ትጠራዋለች። ሌላው ቀርቶ ሚስቴ እንኳ ስትናደድ ያቺን ቃል ጣል ታደርጋለች። እህቴ ግን አንድም ቀን ከአፏ አልወጣትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አለዚያ ሚዛን አጓደለ ትሉኛላችሁ። አንድ ክረምት እጄ ደም እስኪያወጣ ተሰንጥቆ ነበር። ሚክሮን መጣና ወፍራም የጎማ ጓንት ገንዳው ጫፍ ላይ ወርውሮ ሄደ። ከራሱ ኪስ ገዝቶ እንደሆነ እህቴ በኋላ ነገረችኝ። አላጠለቅኩትም። አሁንም ማጠቢያው ሥር ወድቆ አለ።

ወደ መኪናዋ ልምጣ። መኪናዋ የአባታችን ነበረች። ክብ ክብ መብራት ያላት፣ አመድማ፣ ፋብሪካዋ እንኳ ከተዘጋ ዘመን ያስቆጠረ አሮጌ መኪና። አባታችን በሕይወት እያለ ዘይቷ አልቆ ሞተሯ ተጣብቆ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ሲሞት ለእህቴ ተወላት። ሚክሮን ጋራዡ ጓሮ አስገብቶ አሥራ አራት ዓመት አንድ በአንድ ሠራት። ፒስተኖቹን ከሌላ መኪና አምጥቶ ልክ አስገባቸው፣ ቫልቮቹን እራሱ አስቀመጠ፣ ሲሊንደሮቹን አስሞረደ። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ስትመጣ ወንበሮቹንና የወረደውን ክራንክ ትወለውልና ሹፌሩ ጎን ትቀመጣለች። ሞተር የሌላት መኪና ውስጥ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። «እኔ ያገባሁት የዚችን መኪና ባል ነው» ትል ነበር። ግን ትስቃለች፤ ደስ ይላታል።

ለመጨረሻ የቀረው ክራንኩ ነበር። ሞተሩ የተጣበቀ ቀን አራተኛው አንገት ክፉኛ ተበልቷል። መለወጫ ክራንክ የለም፤ ስድስት ዓመት ፈልጎ ያገኘው ብሮንዚን፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚለበጠው ስስ ብረት፣ በትክክል አርባ ዘጠኝ ሚሊ አንገት ይፈልጋል። የጋራዡ ብየዳ ሠራተኛ አራተኛውን አንገት በብየዳ ሞልቶ አወፈረውና «እንዳታበላሸው» አለው። «ሁለተኛ እሳት አይችልም። ይሰነጠቃል።» ሚክሮን «እኔን ነው እንዳታበላሸው የምትለው?» አለና ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ነው ማጠቢያው ድረስ የመጣው። ሰው አለ የለም ብሎ ዞር ዞር አለና ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዓይኔ መሃሉ ጠቁሯል» አለኝ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። መሃሉን አላይም። ሐኪሙ ዓመት አይሞላም፣ ዳሩም ይሄዳል ብሎኛል።»

ለካ ሰሞኑን እንደ ዶሮ አንገቱን ሰበር እያደረገ በጎን የሚያየው ለዚህ ነው። «እህቴ ታውቃለች?» አልኩት።

«ታውቃለች። የጋራዡ ባለቤት ግን ካወቀ የዚያኑ ቀን ያስወጣኛል። የሷን ክራንክ ሳልጨርስ አልወጣም። ማሽኑን በእጄ እሠራለሁ፣ ለዚያ ዓይን አያስፈልገኝም። ማይክሮሜትሩን ግን አንተ ታነብልኛለህ። ብረቱን ልታጥብልኝ የመጣህ መስለህ ትቆማለህ።»

«ለምን እኔ?» አልኩት።

«ሌላው ይናገራል። አንተ ብትናገርስ ማን ያምንሃል?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እንግዲህ የሚለምነኝ። ጠላሁት፤ አፌ ድረስ መረረኝ። ግን እሺ አልኩ። ለሱ ብዬ አይደለም። ማይክሮሜትር ከነካሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እጄ ናፍቆታል።

አራት ወር ሙሉ አነበብኩለት። የደንበኛ ክራንክ፣ የአውቶቡስ፣ የትራክተር። አንዲትም አልተሳሳትኩም። አንድ ክራንክ ተመልሶ አልመጣም። አንድ ቀን «ጎበዝ» ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ ይሄን ስናገር ያሳፍረኛል። «አንብብ» ብቻ ነበር የሚለው። ካነበብኩ በኋላ ደግሞ በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያጣራል፣ እኔን እንደማያምን እንዳይጠፋኝ።

በመጨረሻ የመኪናዋ ክራንክ ማሽኑ ላይ ወጣ። ሦስቱ አንገቶች ቀላል ነበሩ፤ ሩብ ሚሊ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው የሚነሳላቸው። እዚያ ላይ ግማሽ ሚሊ ብስት፣ ስህተቱ ከሚነሳው ሁሉ ስለሚበልጥ ወዲያው ያውቅብኛል። በአንድ ሳምንት አለቁ። አራተኛው ግን በብየዳ ስለወፈረ ከሁለት ሚሊ በላይ መነሳት ነበረበት፤ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በማይክሮሜትር ወይም በቆጠራ ብቻ ነው። ድንጋዩን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋው መሪ አንድ ጠቅ ባለ ቁጥር መቶኛ ሚሊ ይነሳል። እሱ ጠቅታውን በአፉ እያጉተመተመ ይቆጥራል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እህቴ ምሳ ይዛ እንደምትመጣ፣ ማታውኑ ሞተሩን መግጠም እንደሚጀምር አስቀድሞ ነግሯታል። ውሃው ብረቱ ላይ እየፈሰሰ፣ እሱ እየቆጠረ፣ እኔ ብሩሽ ይዤ አጠገቡ ቆሜ፣ የጋራዡ ባለቤት ከች አለ። አዲስ ማሽን ሊያስመጣ እንደሆነ ያወራል። ራሱ ይሞርዳል፣ ራሱ ይለካል ይላል። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሚክሮን አፍንጫ ሥር ዘረጋውና «እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ስንት ሚሊ ድረስ ነው የሚሠራው የሚለው?» አለ።

ጠርጥሮ ይሁን ወይ ዝም ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚክሮን ላብ ላብ አለው። «መነጽሬን እቤት ረስቼ መጣሁ» አለ። ባለቤቱ «ባለፈውም ረሳሁ ብለኸኝ ነበር» አለው። ሚክሮን ሳቀ፣ ቀለደ፣ ስለ አዲሱ ማሽን ጠየቀ፣ አስረዳኝ አለ፣ ጭንቅ ነው መቼም ሰውን ለፍላፊ የሚያደርገው። ቆጠራውን ግን አቁሟል። እጁ አላቆመም። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ አፉ ሌላ እያወራ እጁ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። እኔ እያየሁት ነበር። ሃምሳ ያህል ጠቅ አደረገ።

ባለቤቱ ሲሄድ ማሽኑን አቆመና ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አንብብ» አለኝ።

ብረቱን ጠረግኩ፣ ማይክሮሜትሩን አጠለቅኩ፣ አነበብኩ። አውልቄ እንደገና አነበብኩ። የግማሿ ጭረት አልወጣችም፤ ብርሃን ላይ አዙሬ አየኋት። «አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዜሮ ስድስት» አልኩ።

«ስንት?» አለ።

«አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዜሮ ስድስት።»

«ሃምሳ ስድስት ነው» አለ። «እኔ ቆጥሬያለሁ። ግማሿን ጭረት ዘለሃታል።» ከዚያ በጎን ዓይኑ እየፈለገኝ ፈገግ አለ። «ያኔ ጨመርክ፣ አሁን ቀነስክ። ግማሽ መቼም ካንተ አይለቅም።»

«ጋሼ፣ ባለቤቱ ሲያወራዎት እጅዎ እየዞረ ነበር» ማለት ነው እኮ። አንዲት ትንፋሽ ነች። ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። የልጄ ፊት መጣብኝ፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» ያለኝ። እውነቱን ነግሬዋለሁ አልኩ ለራሴ፤ ሁለቴ ነግሬዋለሁ፣ ሦስተኛ ምን ቁርጥ አድርጎኝ?

«እንዳሉት ይሁን» አልኩት።

ማሽኑን አስነሳ። ውሃው ፈሰሰ። አሁን ተጠንቅቆ ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው። እኔም በሆዴ አብሬው ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ስድስት ሲል ሥራው አለቀ፤ አንገቱ ልክ አርባ ዘጠኝ ሆነ፣ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ያመረ አርባ ዘጠኝ። ሰባት አለ። ስምንት አለ። አሥራ አምስት አለ። የማቆሚያው ቁልፍ ከክንዴ አይርቅም ነበር። ሃያ ላይ፣ እንግዲህ አልቋል፣ አሁን ባስቆመውም ያው ነው አልኩ። እፎይ አልኩም፤ አልዋሽም።

ሠላሳ ላይ እህቴ በሩ ላይ ካለው ክራንክ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። የተቋጠረውን ሳህን ይዛለች። አዲስ ጫማ አድርጋለች። ስሜን ጠራችና «ደረሰለት?» አለችኝ በጆሮዬ፣ እንዳትረብሸው ብላ።

«ትንሽ ቀረው» አልኳት።

ሃምሳ ስድስት ላይ አቆመ። የድካም ሳይሆን የደስታ ትንፋሽ ተነፈሰ። ማይክሮሜትሩን አልጠየቀኝም፤ ምን ያደርግልኛል ብሎ መሆን አለበት። አንገቱን በጥፍሩ ጫር አደረገና ልስላሴው ደስ አለው፤ ጥፍር ልስላሴን እንጂ ግማሽ ሚሊን አያውቅም። «ብሮንዚኑን ስጠኝ» አለ። አዲሱን ብሮንዚን ቢየላው ላይ፣ ፒስተኑን ከክራንኩ በሚያገናኘው ዘንግ ላይ፣ አስገባ፣ ቢየላውን አንገቱ ላይ ዘጋ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ በጣቱ ነካ አደረገው።

ተንኳኳ። ቢየላው አንገቱ ላይ እንደ ወላቃ ጥርስ ተወዛወዘ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ ተንኳኳ። ብየዳ ሠራተኛው ከወዲያ ራሱን ቀና አደረገ። እህቴ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ የሱን ፊት ግን አየች።

«ስንት ነበር ያልከኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዜሮ ስድስት።»

ሁለቱንም እጁን ክራንኩ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ መሃሉ ጠቁሯል ባለኝ ዓይኑ ሊያየኝ እየሞከረ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። በደንብ ነው የጠራኝ፣ እህቴ እንደምትጠራኝ።

«አቤት፣ ግማሽ» አልኩት።

ብየዳ ሠራተኛው ሳቁ አመለጠው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ይህንንም አልዋሽም። ሚክሮን እጁን ዘርግቶ የእህቴን ትከሻ ፈለገ፤ እሷም ሳህኑን አስቀምጣ እየመራች ወሰደችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ክራንኩ ግንባሩን መታው። እሱ ራሱ የሰቀለውን ከፍታ ረስቶታል።

ሰኞ አልመጣም። ባለቤቱም ሁሉን ሰማና ማሽኑን ለኔ ሰጠኝ። አዲሱ ማሽን እስኪመጣ ነው ያለኝ፤ እስካሁን አልመጣም። አንድ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ የኔ ክራንክ የለም። በቦታው የመኪናዋ ክራንክ ተሰቅሏል፣ አራተኛ አንገቱ እያበራ። ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም። አላወረድኩትም። ሠራተኞቹ አሁን በስሜ ነው የሚጠሩኝ። «ግማሽ እንዴት ነው፣ ተሻለው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እሱን ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ቱታውንና መሣሪያውን ልትወስድ መጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ የተሰቀለውን አየችው። የአባቷን መኪና ክራንክ ታውቀዋለች፤ አሥራ አራት ዓመት በጨርቅ ስትጠርገው ነበር። ጎንበስ ብላ አለፈች። እኔ ማሽኑን አቆምኩና ቱታውን አጥፌ ሰጠኋት።

«እቤት ቁጭ ብሎ ሲያስብ ትዝ አለው» አለችኝ። «ባለቤቱ ሲያወራኝ እጄ ሳይዞር አልቀረም አለኝ። አጠገቡ ነበርክ?»

«ነበርኩ እትዬ።»

«እጁን አይተኸው ነበር?»

ውሸታም አይደለሁም ብያችኋለሁ። «አይቼዋለሁ» አልኳት።

«እኔ ስገባ ስንት ላይ ደርሶ ነበር?»

«ሠላሳ ላይ።»

«እና ትንሽ ቀረው አልከኝ።»

እሱ የተናገረኝን ሁሉ፣ ሠርጉን፣ ልጄን፣ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም ታውቀዋለች። አብራኝ ነበረች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቱታውን በክንዷ ላይ አደረገች፣ የመሣሪያውን ሣጥን አነሳች፤ ላግዛት እጄን ስዘረጋ ወደኋላ አለች።

«ደህና ሁን፣ ግማሽ» አለችኝ።

ጎንበስ ብላ ወጣች። ማሽኑ ላይ የተጀመረ የደንበኛ ሥራ ነበር፤ ተመልሼ ውሃውን ከፈትኩ።